ማሲንቆ የለዘበበት መንገድ

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጇት በደረስጌ ማርያምም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፉ። ደረስጌ ከሰሜን ተራሮች ጀርባ፣ ዛሬ ጃናሞራ በሚባለው ወረዳ የምትገኝ ቦታ ናት። ከተራሮቹ ወዲህ ያለው ደጋ፣ ደባርቅ፣ ዳባትና መላው ወገራ፣ ጦር የሚመላለስበት አገር ነበር። ጦር ባለበት ደግሞ አዝማሪ አይታጣም።

በዚያ ዘመን የጌታ ድንኳን ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ለዘመቻ ሲነሱ ያስሸልላል፤ ግብር ሲበላ ያወድሳል፤ ለሞተ ሙሾ ያወርዳል። ሹም ሲበድልም ስሙን ሳይጠራ በሰምና ወርቅ ይወጋዋል። ሕዝቡ ወሬ የሚሰማው ከእሱ ነው፤ ጌታውም ሕዝቡ ስለ እሱ ምን እንደሚል የሚሰማው ከእሱው ነው። ሆኖም ክብሩና ንቀቱ እኩል ነበር። ሰው በዘፈኑ ያለቅሳል፣ ይሸልመዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በዘር የተላለፈውና አዝማሪዎች ከሌላው የማይሰማ የራሳቸው የሙያ ቋንቋ ያበጁት ከዚህ መገለል የተነሣ ነው።

የዚያ ዘመን ማሲንቆ ድምፁ ሻካራ ነው። ሻካራነቱ ጉድለት አልነበረም። ሳጥኑ በቆዳ የተወጠረ፣ ክሩ የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ሲፈትግ ዜማው ትንፋሽና ፉጨት ይዞ ይወጣል። ይህ ድምፅ የደጋ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ፣ ሰው በሚጮህበት ዳስ ውስጥ ጎልቶ ይሰማል። ክሩ አንድ ብቻ ስለሆነ አዝማሪው የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ዛሬ ቢያጉረመርም ዝቅ ያደርገዋል፤ ነገ ድምፁ ቢከፈት ከፍ ያደርገዋል። ማሲንቆው ድምፁን ይከተላል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑ የአዝማሪው ብቻ አልነበረም። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ያቀብለዋል፤ አዝማሪው እዚያው በዜማ አድርጎ ይመልሳታል። ሌላው ይነሣና ለዚያች ስንኝ መልስ ያቀብላል። ሌሊቱ የሚነጋው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሻካራ ድምፅ ተነሥተን ዛሬ በደባርቅ አውቶቡስ መናኸሪያና በዳባት ሻይ ቤቶች እስከሚሰማው ለስላሳ ዘፈን ድረስ ያለው መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለውጥ ከውጭ የመጣ ወረርሽኝ አድርጎ ያየዋል። ታሪኩን በቅደም ተከተል ለሚከታተል ግን ድምፁን ያለዘቡት ራሳቸው ሙዚቀኞቹ ናቸው። አድማጩ የተቀመጠበት ቦታ በተለወጠ ቁጥር እነሱም አዘፋፈናቸውን ለውጠዋል።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከሸክላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ የመኪና ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ነጋድራስ ተሰማ የምንጃር ሰው፣ ባለቅኔና ቀልደኛ እንጂ በዘር አዝማሪ አልነበሩም። የዘፈኑት ግን የአዝማሪውን ሙያ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይፈስ የነበረ ዜማ ልክ ተሰጠው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አበጀ። «ተቀበል» የሚል ሰውም በአጠገቡ አልነበረም። ነጋድራስ የዘፈኑት ፊቱን ለማያዩት፣ ምን እንደሚመልስ ለማያውቁት አድማጭ ነው። ይህ ለውጥ ያኔ ትንሽ ይመስል ነበር። በኋላ የመጣው ሁሉ ግን ከዚህ ይጀምራል።

ቀጥሎ ናስ መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይጫወቱ ዘንድ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ደረሰ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ አገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ አዝማሪም ከዳስና ከጠጅ ቤት ወጥቶ መድረክ ላይ መቆም ጀመረ።

ወዲያው ጠላት ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና እየዞሩ የሚዘፍኑትን እያስያዘ እንዲገደሉ ማዘዙን አሳወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጋዜጣና ሬዲዮ ለአብዛኛው ሕዝብ በማይደርስበት አገር የአርበኛን ወሬ ከቀዬ ቀዬ የሚያደርሰው አዝማሪ ነው። አንድ ክር ያለው መሣሪያ ይዞ የሚዞርን ሰው መንግሥት እንደ ጦር የፈራበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። የአገራችንን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሊዘልለው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ወገራና ሰሜን በአርበኝነት ስማቸው የሚነሣ አገሮች ናቸው። ከደባርቅ አጠገብ ወልከፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ራሷ ነፃ የወጣችው ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር 18 ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ እሷ ነበረች።

ጣሊያን ሲሄድ የሊማሊሞን መንገድ ትቶ ሄደ። በገደል ላይ እየተጠማዘዘ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ይህ መንገድ ለጦር የተሠራ ቢሆንም ከድል በኋላ ግን የጭነት መኪና፣ የነጋዴና የአዝማሪ መንገድ ሆነ። የጎንደር አዝማሪ ድሮም ዘዋሪ ነው፤ አሁን ግን በእግሩ ሳምንታት የሚፈጅበትን በቀናት ይደርስ ጀመር። ብዙዎቹም መድረሻቸው አዲስ አበባ ሆነ።

እዚያ የጠበቃቸው ማይክሮፎን ነው። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኪቦርድም ከጊታርም ይልቅ ድምፅን ያለዘበው ማይክሮፎን ነው። በሜዳ የሚዘፍን ሰው ደረቱንና ጉሮሮውን ሁሉ ይከፍታል። ማይክሮፎን ፊት የቆመ ግን ማንሾካሾክ ይችላል፤ ማንሾካሾኩም እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። በአገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡት ድምፃውያን ይህን ጥበብ ቶሎ ተማሩ። ጥላሁን ገሠሠ ትዝታን ሲያንጎራጉር ድምፁን የሚያጥፍበት፣ የሚያዘገይበትና የሚያለሰልስበት መንገድ ሥሩ የአዝማሪ እንጉርጉሮ ነው። ለስላሳነቱን ያገኘው ግን ከማይክሮፎኑ ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአገራችንን ቅኝቶች ለትልቅ ባንድ እንዲመቹ አድርጎ አቀናበረ።

ሁሉም ግን አልለዘበም። የይፋት ተወላጁ ጌታቸው መኩሪያ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ሳክስፎን የተሻገረ ሙዚቀኛ ነው። ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ድምፅ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር በሳክስፎን ነፋው። እንደ አንበሳ ጎፈር ያለ የራስ ልብስና የጀግና ካባ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰሚው ሳክስፎን መስማቱን ትቶ ፉከራ ይሰማ ነበር። እስከ እርጅናው ድረስ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ቡድን ጋር ዓለምን እየዞረ ተጫውቶ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፈ። የእሱ ሥራ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ አዲስ መሣሪያ በራሱ ሻካራውን ድምፅ አያጠፋም። የሚያጠፋው ወይም የሚያቆየው የተጫዋቹ ምርጫ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት እነዚህ መሣሪያዎች እንዲህ አብረው አይውሉም ነበር። በገና የጸሎት ነው፤ ዋሽንት የእረኛ ነው፤ ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። አብረው እንዲጫወቱ መጀመሪያ በአንድ መቃኘት ነበረባቸው። ለራሱ ጉሮሮ ብቻ ይቃኝ የነበረው ባለማሲንቆ ለጓደኛው ክራር መቃኘትን ተማረ። ጌታመሳይ አበበን የመሰሉ ድንቅ ባለማሲንቆዎች የተሰሙት በዚህ ቡድን ነው። በኋላም ተስፋዬ ለማ በመሪነት፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን በመሪነትና በማሲንቆ ተጫዋችነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከአባላቱ የተውጣጣ ቡድን «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ አሳየ፤ በዝነኛው የኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረበ። የቡድኑ ድምፅ ንጹሕ፣ የተስተካከለና ልከኛ ነበር። ለዘብ ማለቱን የሚወቅስ ሊኖር ይችላል። ማሲንቆን ከ«ለማኝ መሣሪያ»ነት ስድብ አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያስገባውም ይኸው ቡድን መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

በእነዚሁ ዓመታት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት አሸናፊ ከበደ ሌላ ነገር አስተውለው ነበር። የእኛና የጃፓን ዜማ ዘመድ መሆኑን። አምስቱን የአምባሰል ቅኝት ድምፆች ለጃፓን ሙዚቀኞች ብታሰሟቸው «ሚያኮ ቡሺ» የሚሉት የራሳቸው ቅኝት መሆኑን ይነግሯችኋል፤ ድምፆቹ አንድ ናቸው። ትዝታም በጃፓን ሕዝባዊ ዘፈኖች ውስጥ ወንድም አለው። አሸናፊ «ኮቱሬዥያ» በተባለው ድርሰታቸው የጃፓኑን ባለብዙ ክር ኮቶ ከምዕራቡ ዓለም መሣሪያዎች ጋር አጫወቱት።

ጃፓንን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። እነሱም በዚያው ዘመን የእኛኑ ጥያቄ፣ ሻካራ ወይስ ለስላሳ የሚለውን፣ ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ የጃፓን ፎክ ዘፋኞች ጊታር ብቻ ይዘው ስለ ጦርነት፣ ስለ ድኻና ስለ ሠራተኛ ይዘፍኑ ነበር፤ ከሁሉ ዝነኛው ኦካባያሺ ኖቡያሱ ነው። ከዚያ ዮሺዳ ታኩሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚያወራ ቀለል ያለ ዘፈን አወጣና አገሩን ሁሉ ያዘ። የቀድሞ ወዳጆቹ ግን ከድተኻል ብለው መድረክ ላይ «ሂድልን» እያሉ ጮኹበት። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የኢኖኡዬ ዮሱይ አልበም በጃፓን ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ የመጀመሪያው አልበም ሆነ። ጃፓኖች «ኒው ሚዩዚክ» ያሉት ለስላሳ ስልት እንዲህ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1975 ታኩሮና ዮሱይ ከሁለት ሌሎች ዘፋኞች ጋር ሆነው የራሳቸውን አሳታሚ ኩባንያ ከፈቱ። የጃፓን ሙዚቀኛ ለስላሳውን ድምፅ መርጦ በገዛ እጁ ሸጠው ማለት ነው።

በአዲስ አበባም አንድ ወጣት ተመሳሳይ ድፍረት አሳይቷል። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያንን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያወጣቸው ሸክላዎች ዛሬ ዓለም «ኢትዮ ግሩቭ» እያለ የሚያደንቃቸው ናቸው። ሆኖም የጃፓኖቹ ኩባንያ ሲያብብ የአምሃ ተዘጋ። አብዮቱ መጣና አምሃም ተሰደደ።

ደርግ ሌሊቱን ዘጋው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ አዝማሪ የሚኖርበት ጊዜ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ያለው፣ ጠፋ። ማታ የማይሠራ አዝማሪ ምን ይሠራል? ኪነት ውስጥ ገባ። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፦ በወሎ ላሊበላ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በጎንደር ፋሲለደስ። የኪነት ቡድን ግጥሙን ከበላይ ተቀብሎ የሚዘፍን፣ በአንድ ዓይነት ልብስ በሰልፍ የሚጨፍር ነበር። «ተቀበል» ማለት ቀረ፤ ስንኝ የሚያቀብለው ካድሬው ሆነ። ይህ በአዝማሪ ላይ ከግራዚያኒ ወዲህ የደረሰ ትልቁ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህም ሆኖ ከዚያው ከኪነት ቤት ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የአምባሰል ንግሥት ወጣች። ከየገጠሩ ተሰብስበው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው ሙያቸውን ያሻሻሉ ወጣቶችም ብዙ ናቸው። የእስክስታው ልክ፣ የአልባሳቱ ማማር፣ ዘፈኑ በአራት በአምስት ሰው ተቀባይ መታጀቡ ሁሉ ከኪነት የተወረሰ ነው። ዛሬ «የባህል ዘፈን» ብለን ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የኪነት ልጅ ነው።

በዚያው ጊዜ ሸክላ አልፎ ካሴት ነገሠ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ዳባት ገጠር ድረስ ይገባል። ሰዓት እላፊው ትልልቆቹን ባንዶች ሲያዳክም ስቱዲዮ የገባው አንድ ሰው ነው፤ ኪቦርድ ያለው ሰው። ከበሮውን፣ ቤዙንና ነፋሱን ሁሉ በአንድ መሣሪያ ይጫወታል። ኪቦርድ ቅኝቱ ከፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ ማሲንቆው ይቃኝለታል እንጂ እሱ ለማሲንቆው አይቃኝም። በጎንደር ስልት ውስጥ ከሁለቱ ድምፆች መካከል ተንሸራቶ የሚያልፈው፣ ልብን የሚሰነጥቀው ትንሽ ድምፅ በኪቦርዱ ላይ ቦታ አጣ። ማሲንቆው ስቱዲዮ ገብቶም በመግቢያና በመሸጋገሪያ ብቻ የሚሰማ ጌጥ ሆነ።

ያም ቢሆን ከልስላሴው ውስጥ ትልቅ ጥበብ ተወልዷል። አስቴር አወቀ በጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ «አስቴር» የተባለውን አልበም፣ ከሁለት ዓመት በኋላም «ካቡ»ን አወጣች። ከሳክስፎንና ከኪቦርድ ጋር በዝግታ የምታንጎራጉረው ድምፅ ለስላሳ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚሰበረውና የሚታጠፈው ጉሮሮ ግን ማሲንቆ የሚከተለው ጉሮሮ ነው። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በዋልያስ ባንድ ዝናው የታወቀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የልጅነት ዘመኑን የሕዝብ ዜማዎች በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በኤሌክትሮኒክ ከበሮ ቀረጸ። አልበሙ አገር ቤት በካሴት ተሰማ፤ ተረሳም። እሱም በዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ዓለም ተደነቀበት፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። የሕዝብ ዜማ ለስልሶም ነፍሱን ሊይዝ እንደሚችል ከዚህ አልበም የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሌሊቱም ተከፈተ። በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ፈሉ፤ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ልጆች ሞሏቸው። ለጥቂት ዓመታት «ተቀበል» ተመለሰ፤ ያውም በአሥራ ሰባት ዓመት የታፈነ ምላስ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ አልበሞቹ ይህን ዘመን ቀርጾ አስቀርቶልናል። ይርጋ ዱባለ በማሲንቆው የጎንደርን ፉከራና ቀረርቶ በካሴት አዳረሰ። ከዚያው ከአዝማሪ ቤት የወጣችው እቴነሽ ዋሴ ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር፣ ሰላምነሽ ዘመነም ከፈረንሳይዋ ብሪታኒ ከመጣው የባዱምስ ባንድ ጋር ሠሩ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ እነዚህ ሴቶች ከፈረንጆቹ ጋር ሲዘፍኑ ድምፃቸው አልለዘበም፣ ይልቁን ሻከረ። ፈረንጆቹ የፈለጉት ያንኑ ነውና። ለስላሳውን የፈለገው የአገር ቤት ገበያ ነበር።

የጎንደርን አዝማሪ ሕይወት በቦታው ተቀምጦ ካጠኑት አንዱ፣ እንደገና ጃፓናዊ ነው። ኢትሱሺ ካዋሴ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ጎንደር እየተመላለሰ አማርኛ ተምሮ፣ ከአዝማሪ ልጆች ጋር ጎዳና ውሎ ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ታዳጊዎቹ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞሩ ሲዘፍኑ፣ ሲባረሩ፣ ሲሸለሙ ይታያሉ። ስለ ራሳችን ሙያተኞች እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሥራ ከጃፓን መምጣቱ ሊያስቆጨን ይገባል።

ደባርቅ ከዚህ ሁሉ ምን ደረሳት? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ከተማዋ የተጓዥ በር ሆናለች። ጭላዳና ዋልያ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያድረው እዚያ ነው። ባለማሲንቆም ለእንግዳው ይጫወታል፤ እንግዳው ግን አማርኛ አይሰማም። ግጥሙ የማይገባው አድማጭ ፊት አዝማሪ ምን ያደርጋል? ሰሙንም ወርቁንም ትቶ ምቱን ያፋጥናል፣ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል። ሠርግም ተለወጠ። ድሮ በጥርና በየካቲት አዝማሪ ሳምንቱን ሁሉ ከዳስ ዳስ ይዞር ነበር። አሁን ሞንታርቦና ኪቦርድ ተከራይቶ ይመጣል፤ ባለማሲንቆው ለመግቢያው ይጠራና ቀሪውን ሌሊት ዲጄው ይይዘዋል። የቪሲዲ ዘመን ደግሞ ገደሎቹን ራሳቸውን ዘፈን ውስጥ አስገባቸው። የፋሲል ግንብና የሰሜን ገደሎች በስተጀርባ፣ ከፊት ለፊት በአንድ ዓይነት ልብስ የሚያስክስቱ ወጣቶች፣ በድምፅ ደግሞ ኪቦርድ።

በዚህ ለስላሳ ስልት የጎንደር ልጆች ትልቅ ስም አበጁ። የአዘዞው ማዲንጎ አፈወርቅ ከሁሉ በፊት የሚነሣ ነው። ከደረቱ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ሽለላ ሊሸልል ይችል ነበር፤ እሱ ግን የፍቅር ዘፈን መረጠና አሳመረው። መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ በድንገት ሲያርፍ አገር አለቀሰለት።

ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደርሶ ነበር። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የተገደሉት ገበሬዎች፣ ሴቶችና ልጆች ገና አልተረሱም። በእነዚያ ወራት ለስላሳው ዘፈን ጠፋና ቀረርቶና ፉከራ በየሞንታርቦው ተመለሰ፤ ሙሾውም አብሮት። ይህን ያህል ዓመት በለዘበው ድምፅ ውስጥ ሻካራው ከሥሩ እንዳልጠፋ ያየነው በዚህ ክፉ ቀን ነው። እንዲህ ባይታይ በወደድሁ።

ዛሬ ሮፍናን በ«ነጸብራቅ»፣ ካስማሰ በ«ማለዳ» የአገር ቤትን ድምፅ ከኮምፒውተር ሙዚቃ ጋር ያዋህዳሉ፤ ደባርቅ ያለ ተማሪም በስልኩ ያዳምጣቸዋል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ልስላሴ ኃጢአት አይደለም፤ ጥላሁንም፣ አስቴርም፣ ኃይሉም፣ ማዲንጎም ለዝበው ነው ትልቅ የሆኑት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሸክላ የጀመረው፣ በኪነት የከፋው፣ በሞንታርቦ የተፈጸመው የ«ተቀበል» መጥፋት ነው። ዜማ ሊጠና፣ በኖታ ሊጻፍ፣ በኪቦርድ ሊለሰልስና ተመልሶ ሊሻክር ይችላል። ሰውና አዝማሪ ፊት ለፊት ተያይተው በዚያች ቅጽበት ግጥም የሚፈጥሩበት ችሎታ ግን አንድ ትውልድ ከተዘለለ የሚያስተምር አይገኝለትም። የካዛንቺሱ ፈንድቃ፣ መላኩ በላይ ለዓመታት ያቆየው አዝማሪ ቤት፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከነበረበት ተነሥቷል። በወገራና በሰሜን ደግሞ በውርስ የተማሩት አዛውንት እያለፉ ነው፤ መንገዱ ሰላም በማጣቱም ሠርግና እንግዳ ቀንሶ ወጣቶቹ ሙያውን እየተዉ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጎንደርና ደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ተማሪዎቻቸውን መቅረጫ አስይዘው ወደ ዳባት፣ ወደ ጃናሞራና ወደ አዲ አርቃይ አዛውንት አዝማሪዎች ይላኩ፤ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ቅብብሉን፣ ከነታዳሚው ይቅረጹ። ሠርግ የምትደግሱም እባካችሁ ለባለማሲንቆው ከመግቢያው አልፋችሁ አንድ ሰዓት ስጡት፤ በዚያች ሰዓት ሞንታርቦውን አጥፉና ስንኝ አቀብሉት።